ቡናማው ውሃ፦ ለውዱእ የሚበቃ ሁሉ ለመጠጥ ይበቃል?



ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ባለፈው የብርድ ወቅት ቤታችን ከገጠመው ጉዳይ ተነስተን ነው። ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ያረጀውን ቦይለር አውጥተን አዲስ አስገባን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ ቡናማ ሆነ። ነገሩ ግን ሶላታችንን፣ ጤናችንን፣ ጉርብትናችንንም ነካ። በእኛ ላይ የደረሰው ሌላውም ቤት ሊደርስ ስለሚችል፣ ያየነውንና የተማርነውን ብናካፍል ይጠቅማል ብለን አሰብን። ረዘም ይላልና እስከ መጨረሻው ታግሳችሁ አንብቡት።

የምንኖረው ኮን ነው፤ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የዋድላ ደጋ ላይ። አገሩን የሚያውቅ ብርዱን ያውቀዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭቶ ያድራል። በዚህ ጊዜ ሱብሒ ላይ ተነስቶ በቀዝቃዛ ውሃ ውዱእ ማድረግ ለወጣቱም ፈተና ነው፤ ለአዛውንት ደግሞ ከፈተናም ያልፋል። በፊት ዘዴያችን የከሰል ምድጃና ትልቅ ማንቆርቆሪያ ነበር። ክፍሉን የሚያሞቀውም፣ ውሃውን የሚያሞቀውም ያው ምድጃ ነው። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል ስናውቅ፣ እናታችንም ሌሊት እሳት ለማቀጣጠል መነሳት ሲከብዳት፣ ከዓመታት በፊት ሃምሳ ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር አስገባን። እሱ ከሥሩ ማንጠባጠብ ሲጀምር ነው አዲስ የገዛነው።

ባለሙያው መጥቶ በግማሽ ቀን ሥራውን ጨረሰ። ውሃውን ዘጋ፣ መስመሩን አፈሰሰ፣ አሮጌዎቹን መገጣጠሚያዎች በጂራቱቦ እየታገለ ፈታ፣ አዲሱን ሰቀለ፣ ውሃውን ለቀቀ፣ ሄደ። ማታ ላይ ቧንቧ ስንከፍት የወረደው ውሃ የኑግ አተላ ይመስላል። "ትንሽ ይፍሰስና ይጠራል" ብለን አሳደርነው። በነጋታውም ያው ነው። በሦስተኛውም ቀን ያው።

መጀመሪያ ችግሩ የተሰማው በእናታችን ላይ ነው። እናታችን ሰባ ዓመት አልፏታል። የሱብሒን ሶላት ሰዓቷን ሳታሳልፍ የኖረች ናት። ውሃውን በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ቀድታ በመብራት አየችና "ልጆቼ፣ እንዲህ በተለወጠ ውሃ ታጥቤ አላህ ፊት አልቆምም" አለች። ከዚያ በኋላ ሳንሰማት እየተነሳች፣ ጨለማ ሳይገፍ፣ በውርጩ ላይ ኢብሪቋን ይዛ ጎረቤት ግቢ ሄዳ መቅዳት ጀመረች። በአራተኛው ቀን በሩ ላይ አንሸራትቷት ወደቀች። አልሐምዱሊላህ፣ ስብራት አልነበረውም፤ ክንዷ ግን ለሳምንት አበጠ። ያን ዕለት ነው ነገሩ የቧንቧ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ የገባን።

ወደ ሼኻችን ሄደን ጠየቅን። አጭር መልስ እንጠብቅ ነበር፤ ይሆናል ወይም አይሆንም የሚል። እሳቸው ግን በጥያቄ መለሱልን፦ "ውሃውን የለወጠው ምንድን ነው?"

"ዝገት ይመስለናል" አልን።

"ይመስለናል አይበቃም። አጣሩና ኑ" አሉን።

ከዚያም ምክንያቱን አስረዱን። ውሃ በመሠረቱ ጠሃራ ነው። ቀለሙን፣ ጣዕሙን ወይም ሽታውን ነጃሳ ከለወጠው ግን ብዙም ይሁን ጥቂት ይነጀሳል፤ በዚህ ላይ ዑለሞች አልተለያዩም። በንጹህ ነገር ከተለወጠ ደግሞ ይታያል። ሻይ ቅጠል ያጠቆረው ውሃ ንጹህ ነው፣ ይጠጣል፣ ነገር ግን ውሃ መባሉ ቀርቶ ሻይ ሆኗልና ውዱእ አይደረግበትም። ውሃው ካረፈበት ወይም ካለፈበት ቦታ ያገኘው ለውጥ ግን ከዚህ ይለያል። በአፈር ላይ ሲፈስ የደፈረሰ ጎርፍ፣ በኩሬ ውስጥ ተኝቶ አልጌ ያረንጓደው ውሃ፣ በማዕድን ላይ ያለፈ ምንጭ፣ እነዚህ ውሃው ሊያመልጠው የማይችለው ነገር ስለሆኑ በሻፊዒይ መዝሀብም በሌሎቹም አጥሪነቱን አያሳጡትም። የቧንቧ ዝገትም ከዚህ ክፍል ነው። "ነገር ግን" አሉ ሼኻችን፣ "ቧንቧችሁ የሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ተሰንጥቆ ከሆነ ያው ቡናማ ቀለም ሌላ ፍርድ ይኖረዋል። ዓይን ብቻውን አይለየውም።"

ወንድሞቼ፣ ይህን ልብ በሉ። የፊቅሁ መልስ በቧንቧው መልስ ላይ ተንጠለጠለ። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃውን መመርመር ጀመርን። ያደረግነውን በቅደም ተከተል እንናገር፤ ማንም ቤት በራሱ ሊያደርገው ይችላል።

መጀመሪያ ጎረቤትን ጠየቅን። ከእኛ ጋር በአንድ መስመር የሚቀዱት የሁለቱም ጎረቤቶቻችን ውሃ ጥሩ ነው። ስለዚህ ችግሩ ከከተማው መስመር አይደለም፤ ከግቢያችን ነው።

ሁለተኛ፣ ግቢ ውስጥ ቆጣሪው አጠገብ ያለችውን ቧንቧ ከፈትን። ጠርቶ ወረደ። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ግድግዳ ያለው መስመር አዲስ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ከመሬት በታች የገባ ቆሻሻ የለም፤ ችግሩ ቤት ውስጥ ባለው አሮጌው የብረት ቧንቧ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የቀዝቃዛውንና የሙቁን ውሃ በሁለት የመስታወት ብርጭቆ ቀድተን አሳደርን። ጠዋት ሁለቱም ሥር ላይ ቀይ ቡናማ ደለል ተቀምጧል፤ ላይኛው ጠርቷል። ሽታ የለውም። ይህ ምልክት ነው። ሲቀዳ ጠርቶ ቆይቶ የሚቀላ ውሃ ከሆነ፣ ከከርሰ ምድር የመጣ የሟሟ ብረት አየር ሲያገኝ ነው የሚቀላው። ገና ሲቀዳ ቡናማ ሆኖ ቆይቶ የሚዘቅጥ ከሆነ ግን የቧንቧ ዝገት ፍርፋሪ ነው። አንዱ ልጃችን ከተበላሸ ስፒከር ያወጣውን ማግኔት ደለሉ ላይ ቢያስጠጋው ፍርፋሪው ተጎትቶ ተለጠፈ። ሱብሐነላህ፣ ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ!

ሌላ ቀለም የሚያዩም ይኖራሉና እንጨምር። አረንጓዴ ሰማያዊ እድፍ ከሆነ ከመዳብ ነው። ነጭ ሆኖ ወርዶ ከሥር ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ብቻ ነው፤ አያሳስብም። ሙቁ ውሃ ብቻ እንደ ተበላሸ እንቁላል ከሸተተ፣ ብዙውን ጊዜ ቦይለሩ ውስጥ ካለው የማግኒዚየም ዘንግና እዚያ ከሚራቡ ተሕዋስያን ነው። የፍሳሽ ሽታ ከሸተተ ግን፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ ያን ውሃ ለውዱእም ለመጠጥም አትንኩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። መስመሩ ባዶ በሆነ ሰዓት ግፊት ስለሌለው፣ ስንጥቅ ካለበት በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል።

ታዲያ አዲስ ቦይለር ተገዝቶ ስለ ምን አሮጌ ዝገት ወጣ? ባለሙያውን ጠርተን አብረን አየን። እውነቱን እንናገር፤ ሰፈሩ ውስጥ "ያገለገለ ቦይለር ቀለም ቀብቶ ሸጠላችሁ" የሚል ወሬ መናፈስ ጀምሮ ነበር። ቦይለሩን ከፍተን ስናይ ግን ውስጡ ንጹህ ነው። በሰው ላይ ያለ ማስረጃ ክፉ መጠርጠር ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያኔ አየን።

ምክንያቱ ሌላ ነው። የጋልቫናይዝድ ብረት ቧንቧ ውስጡ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንኩ በዓመታት ብዛት ይበላል፤ ከዚያ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም ግድግዳው ላይ እንደ ቅርፊት ይደራረባል። ውሃው ሳይቋረጥ በአንድ ሁኔታ እየፈሰሰ እስካለ ድረስ ቅርፊቱ ተጣብቆ ይኖራል፤ ዝም ያለ ነገር ነው። ቦይለር ሲቀየር ግን ሦስት ነገር በአንድ ቀን ይደርስበታል። መስመሩ ሲፈስስ ቅርፊቱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። አሮጌው መገጣጠሚያ በጂራቱቦ ሲጠመዘዝ ቧንቧው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ውሃው ሲለቀቅ ደግሞ አየር እየገፋ በኃይል ይገባል። ከዓመታት በፊት የተኛው ሁሉ ያኔ ይነሳል።

አራተኛ ነገርም ነበር። የአዲሱ ቦይለር መገጣጠሚያ ናስ ነው፤ ናስ መዳብ አለበት። እሱ ከአሮጌው ብረት ጋር በቀጥታ ተገጥሟል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በውሃ ውስጥ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሆናሉ፤ ደካማው ይበላል። እዚህ ደካማው ብረቱ ነው። በመካከላቸው የፕላስቲክ መለያ ያለው መገጣጠሚያ ወይም አጭር የፒፒአር ቧንቧ ቢገባ ይቆማል። ይህ አልተደረገም ነበር፤ መስመሩም ታጥቦ አልተረከብንም። ባለሙያው አየና አልተከራከረም። "ይሄ የእኔ ነው፤ የእጄን ዋጋ አልጠይቅም" አለ። እኛም ዕቃውን ገዛን። አማና ማለት እንዲህ ነው። ያ ባለሙያ ዛሬም ሥራ ሲኖረን የምንጠራው ሰው ነው።

ከዚያ ማጠብ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጀሪካን ሙሉ ውሃ እያከታተሉ ማፍሰስ ልብ አይፈቅድም። ነቢዩ ﷺ በአንድ ሙድ፣ ማለትም አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። እኛ ደግሞ ቧንቧ ለማጠብ ባለ ሃያ ሊትር አስራ አራት ጀሪካን አወጣን። አንዱም ግን መሬት ላይ በከንቱ አልፈሰሰም። ክርስቲያን ጎረቤታችን ቤት እያስመረገ ነበርና ዝገቱን ውሃ ለጭቃው ወሰደው። "ግድግዳዬ ቀይ ሆኖ ቢደርቅ የእናንተ ቀለም ነው" እያለ ሳቀብን። ያን ሰሞን የምንጠጣውን ውሃ ያመላለሰልንም እሱ ነው።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። ቀድሞ የቦይለሩን ኤሌክትሪክ ከብሬከሩ ማጥፋት የግድ ነው። ውሃ የሌለበት ቦይለር ላይ ኤሌክትሪክ ከገባ ማሞቂያው ይቃጠላል፤ እርጥብ እጅና ሽቦ ደግሞ ነፍስ ያጠፋል። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን መዝጊያ ዘግቶ የቀዝቃዛውን መስመር ብቻ ማጠብ ይቀድማል፤ ያለዚያ ቆሻሻው አዲሱ ቦይለር ሥር ገብቶ ይቀመጣል። የቧንቧዎቹን አፍ ወንፊት አውልቆ፣ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ በሙሉ ከፍቶ እስኪጠራ መልቀቅ ነው። ከዚያ ቦይለሩን በሥሩ አፍስሶ እንደገና ሞልቶ ማፍሰስ። ሮቶ ያለው ሮቶውንም ያጥባል፤ ደለል የሚቀመጠው ሥሩ ላይ ነውና።

ከታጠበ በኋላ ውሃው ጠራ። ግን በየማለዳው መጀመሪያ የሚወርደው ጥቂት ውሃ አሁንም ይቀላ ነበር። ባለሙያው ከአሮጌው ቧንቧ አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ አሳየን። ቀዳዳው ከዝገቱ ብዛት የተነሳ እርሳስ ብቻ የሚያሳልፍ ሆኗል። ያን ቧንቧ ማጠብ ሥጋ የሌለው አጥንት መጋጥ ነው። ስድስት ሜትሩን በፒፒአር ቀየርነው፤ አለቀ።

አሁን ወደ ርዕሳችን እንመለስ። ዝገት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሼኻችን ቤታችን ድረስ መጥተው እናታችንን "እናቴ፣ ይህ መንገዱ የለወጠው ውሃ ነው። ውዱእሽ ውዱእ ነው፤ አላህ በዲን ላይ ችግር አላደረገብንም" አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ በጨለማ አልወጣችም። ሸክማችን ሁሉ የተራገፈ መሰለን። ወዲያው ግን ከልጆቻችን አንዱ "ሼኻችን ንጹህ ነው ካሉ እንጠጣው" ብሎ ብርጭቆ አነሳ። ሼኻችን እጁን ያዙት። "እኔ የነገርኳችሁ ስለ ጠሃራ ነው፤ የጤናውን የሚያውቁትን ጠይቁ" አሉ።

ብዙዎቻችን የምንቀላቅለው ይህን ነው። ጠሃራ አንድ ጥያቄ ነው፤ ጤና ሌላ ጥያቄ ነው። በውሃ ውስጥ ያለ ብረት በራሱ ብዙም አይጎዳም። የዓለም ጤና ድርጅት ለብረት በጤና ላይ የተመሠረተ ገደብ አላስቀመጠም፤ በሊትር 0.3 ሚሊ ግራም የሚለው ቁጥር ከዚያ ሲያልፍ ልብስ ስለሚያቀልም፣ ጣዕምም ስለሚቀይር ነው። አደጋው ከዝገቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። አሮጌ የዝገት ቅርፊት በዓመታት ውስጥ እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን ይዞ ሊያከማች ይችላል፤ ተሕዋስያንም ይጠለሉበታል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ በእኛ ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም ለዚያ ይበቃል። ብረትን ግን አያወጣም፤ ውሃው ሲተን ብረቱ ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ። ውሃ አጋርም ሆነ ሌላ ክሎሪን በደፈረሰ ውሃ ላይ ኃይሉ ይዳከማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አዝቅጦ ማጥለል ይቀድማል። ሙቁን የቦይለር ውሃ ደግሞ ጠርቶ እንኳ ቢሆን ለመጠጥ፣ ለሻይና ለሕፃን ወተት አለመጠቀም ነው፤ ሙቅ ውሃ ከቧንቧ ብረት የበለጠ ያሟማል።

ይህ ነገር በትልቁ ሲሆን ምን እንደሚመስል ዓለም አይቷል። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ወጪ ለመቆጠብ የውሃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ቀየረች። የወንዙ ውሃ ብረት የሚበላ ነበር፤ ይህን የሚከላከለው መድኃኒትም አልተጨመረበትም። በአሮጌ ቧንቧዎች ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተኛው ቅርፊት መላቀቅ ጀመረ። ነዋሪዎች ቡናማ ውሃ በጠርሙስ ይዘው ስብሰባ ላይ ጮኹ፤ ባለሥልጣናቱ "ችግር የለውም" አሏቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት የጄነራል ሞተርስ ፋብሪካ ውሃው የሞተር ዕቃ እያዛገብኝ ነው ብሎ መጠቀም አቆመ። ሞተር የሚበላውን ውሃ ሕፃናት ግን ሌላ አንድ ዓመት ያህል ጠጡት። ከተማዋ ወደ ቀድሞው ውሃ የተመለሰችው በጥቅምት 2015 ነው፤ በልጆች ደም ውስጥ የእርሳስ መጠን ከፍ ብሎ ከተገኘ በኋላ። በዚያው ጊዜ በሌጂዮኔላ የሳንባ በሽታ 12 ሰዎች እንደሞቱ በይፋ ተመዝግቧል።

ከፍሊንት የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። ቀለሙ የተለወጠ ውሃ መልእክት ነው። መልእክቱ "ተመርዛችኋል" ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን "አንድ ነገር ተነቃንቋል፣ እዩ" ይላል። ሳያዩ "ችግር የለውም" ማለትም፣ ሳያዩ "ሐራም ነው" ማለትም ሁለቱም አንድ ናቸው።

ሌጂዮኔላ ያልነውን ስለ ቦይለር ስናወራ ሳንጨምር አንለፍ። ይህ ተሕዋስ የሚወደው ለብ ያለ፣ ቆሞ ያደረ፣ ደለል ያለበት ውሃ ነው። የሚይዘውም በመጠጣት ሳይሆን የሻወር ርጭት በመተንፈስ ነው፤ በተለይ አዛውንትን። ስለዚህ ቦይለሩ 60 ዲግሪ ላይ ተሞልቶ ሰውነት ላይ ሲውል በቀዝቃዛ መበረዙ ይሻላል። መብራት ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣም ውሃውን አሙቆ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ፊትን ሳያስጠጉ መልቀቅ ነው። ሥሩን በየጥቂት ወሩ ማፍሰስ፣ የማግኒዚየም ዘንጉን በየአንድ ሁለት ዓመቱ ማሳየት ይገባል። ያ ዘንግ ለታንኩ ብረት ፈንታ ራሱ እንዲበላ የተደረገ ነው፤ እሱ ካለቀ ተራው የታንኩ ነው።

በመጨረሻ ለመስጂድ ኮሚቴዎቻችን አንድ ቃል አለን። የዐባሲዩ ኸሊፋ የሃሩን ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለመካ ያስመጣችው ውሃ ከሺህ ዓመት በላይ በስሟ ይጠራል። ያ መስመር ግን ስሟን ይዞ የኖረው ከእሷ በኋላ የመጡ ሰዎች በየዘመኑ ስለጠረጉትና ስለጠገኑት ነው፤ በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ ገንዘብ አውጥታ እንደ አዲስ አሠርታዋለች። እኛ የውዱእ ቧንቧ ለመስጂድ ሲሠራ ለመርዳት እንሽቀዳደማለን። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲዝግ ለመቀየር ግን ገንዘብ የሚያዋጣ አይገኝም፤ ስም የሚጻፍበት ነገር የለውማ። አዲሱን ማስገባት ሶደቃ ከሆነ አሮጌውን ማጠብም ሶደቃ ነው። ሱብሒ ላይ በውርጭ የሚመጡት አዛውንቶች የመሠረት ድንጋዩን አያዩም፤ የሚያዩት እጃቸው ላይ የሚወርደውን ውሃ ነው።

በየቤታችሁ ቦይለር ወይም ቧንቧ የምታስቀይሩ ካላችሁ፣ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት በነጭ ሳህን ውሃ ቅዱና ከባለሙያው ጋር አብራችሁ እዩት። ጥርጣሬ ከመጣ አጣሩ፤ የዲኑን ለዓሊም፣ የጤናውን ለጤና ባለሙያ፣ የቧንቧውን ለቧንቧ ሠራተኛ ጠይቁ። አላህ ውሃችንን ንጹህ፣ ጉርብትናችንን ጤናማ ያድርግልን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።